ምክትሉ መቼ ሥራ ይጀምራል?

«በአሜሪካ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች እነማን ናቸው?» አለች ሐሴት፣ ማስቲካዋን ወደ አንድ ጉንጯ ገፋ አድርጋ።

አደይ ኣልጋነሽ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠራረጉ፣ መልሰው ሰኩ። መልስ ሲጠፋቸው እንዲህ ነው የሚያዘናጉት።

«ሁለት ብቻ?»

«ሁለት ብቻ።»

«ለዚህ ሁሉ ሕዝብ?»

«አደይ፣ ጥያቄው ‹ለምን› አይልም። ‹እነማን ናቸው› ነው የሚለው። ስማቸውን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ሱቅ ብሄድ ለድመት የሚሸጠው ምግብ እንኳ መደርደሪያ ሙሉ ነው፣ ጓለይ። ለድመት ያልሰሰቱትን ለሰው ሰሰቱ?»

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ሐሴት፤ የጥያቄውን ወረቀት ፊቷ ላይ ደፋችው።

ሐሴት ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ሠላሳ ሞልቶታል። አደይ ኣልጋነሽ ዘመዷ አይደሉም። ኤርትራዊት ናቸው። ሐሴት ከወላጆቿ ጋር በምትኖርበት የኦክላንድ ሕንፃ፣ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ ባለች ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። አባቷ ተፈራ ሚልፒታስ የኮምፒውተር ዕቃ ሲገጣጥም፣ እናቷ በርክሌ ሆስፒታል ሺፍት ስትገባ፣ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ያመጡ፣ ያበሉ፣ ስትታመም አጠገቧ ያደሩ እሳቸው ናቸው። «አደይ» በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው፤ «ጓለይ» ደግሞ «ልጄ»። ሐሴት ትርጉሙን ሳታውቀው ነው የለመደችው፤ ካወቀችው በኋላም አልተወችው።

የዜግነቱን ፈተና አደይ አንዴ ወድቀዋል። ወደቁ ማለትም አይደለም፤ ክራባት ያሰረ ፈታኝ ፊት ሲቀመጡ ያጠኑት እንግሊዝኛ ሁሉ እንደ ወፍ ብር ብሎ ጠፋባቸውና ዝም ብለው ተነሥተው መጡ።

ድሮ ቢሆን ግድ የለም። በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ግን ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች አንድ ሕግ አወጡ፤ ዜጋ ያልሆነ ሽማግሌና አሮጊት ኤስ ኤስ አይ የሚባለው ድጎማ ይቋረጥበታል የሚል። ሐሴትን ያንገበገባት አወጣጡ ነው። አንደኛው ፓርቲ ጻፈው፣ የሌላኛው ፓርቲ ፕሬዚዳንት ፈረመበት።

«በቲቪ ሲሰዳደቡ ብታያቸው የሚገዳደሉ ነው የሚመስልህ» አለች ለአባቷ። «በአደይ ላይ ሲሆን ግን አንድ ልብ ሆኑ።»

«ዝም በይ፤ እኔ ከአንድ ፓርቲ አገር ነው የመጣሁት። ሁለት ማለት ለኔ እጥፍ ጭማሪ ነው» አለ ተፈራ። ቀልዱ ግን ራሱንም አላሳቀው።

አደይ የክፍላቸውን ኪራይ የሚከፍሉት በዚያው ድጎማ ነው። እሱ ከቀረ ሳን ሆዜ ያለው የእኅታቸው ልጅ ተስፋዝጊ ይወስዳቸዋል፤ ባዶ ያለውም ጋራዡ ብቻ ነው። «ሳን ሆዜ ሩቅ አይደለም» ይላል ሁሉም ሰው። ለባለ መኪና ነዋ! አደይ እኮ መኪና ቀርቶ አሳንሰር ይፈራሉ።

አንዲት ቀዳዳ ግን ነበረች። ሳክራሜንቶ ያለው የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት፣ «ዋሽንግተን የከለከለውን እኛ ከራሳችን ካዝና እንክፈል» የሚል ሐሳብ ቀርቦለታል። ምክር ቤቱ ለሁለቱ ፓርቲዎች እኩል የተከፈለ ስለሆነ አንድ ድምፅ ነው የሚለየው። በዚያው ሰሞን የነሐሴት ሰፈር ተወካይ ሥራውን ለቀቀና ለእሱ ወንበር ብቻ ምርጫ ተጠራ። ሦስት ሰዎች ተወዳደሩ። ስማቸው በሰፈሩ ላለው የሐበሻ እድር ሰዎች አፍ ስላልተመቸ፣ እንዳገራችን ቅጽል ወጣላቸው።

ቀይ ክራባት፦ «መንግሥት የጡረታ ቤት አይደለም» የሚል ሰው ነው፤ እድሩ ደጃፍም አልመጣ።

ሰማያዊ ክራባት፦ እድሩ ከአንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ሥር ወደተከራየው ምድር ቤት መጣ። ክትፎውን በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ ለድጎማው ሐሳብ ድምፅ ትሰጣለህ ወይ ሲባል «አስብበታለሁ» አለ። ጋሽ ቡልቻ፣ የእድሩ ሊቀ መንበር፣ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ፣ በሩ ላይ ቆመው «እሺ ካላልክ አትወጣም» ዓይነት ሲያዩት፣ «እሺ፣ ድምፄን እሰጣለሁ» አለ። በዋሽንግተኑ ሕግ ላይ ግን ፓርቲው ለምን እጁን እንዳስገባ ሐሴት ብትጠይቀው ሰዓቱን አየ።

ሦስተኛዋ ባለ ብስክሌቷ ናት። ከበርክሌ በብስክሌት መጣች፤ ጸጉሯ በባርኔጣው ተጣብቆ ነበር። አደይ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና «እናንተን ከቤት የሚያወጣ ሕግ ነውር ነው» አለች፣ ምንም ሳታድበሰብስ። ሐሴት ስትተረጉም አደይ የሴትዮዋን ጸጉር በእጃቸው አስተካከሉላት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እድሩ በሙሉ እሷን ወደደ።

ባለ ብስክሌቷ አንድ ሌላ ወሬም ነበራት። «የምርጫው ሕግ ራሱ ነው በሽታው» አለች። «ወረቀቱ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያላችሁ ብትመርጡ፣ አንደኛችሁ ሲወድቅ ድምፃችሁ ወደ ሁለተኛው ባለፈ ነበር። ወንበሩም እንደየድምፁ መጠን ቢከፋፈል፣ ትንሹም ፓርቲ ድርሻውን ባገኘ ነበር።»

ሐሴት ቃል በቃል ተረጎመች። ጋሽ ቡልቻ ከት ብለው ሳቁ።

«ይኼማ የእድር አመራረጥ ነው! ይኼን ለመናገር ነው ከበርክሌ ድረስ የጋለበችው?»

እድሩ ሲመርጥ ስሞች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፣ እጅ ይወጣል። ብዙ እጅ ያገኘ ሊቀ መንበር፣ ቀጥሎ ያለው ምክትል፣ ሦስተኛው ጸሐፊ፣ አራተኛው ገንዘብ ያዥ ይሆናል። ተፈራ ራሱ ጸሐፊ የሆነው ሦስተኛ ወጥቶ ነው። ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም፤ የሚሄድ ካለማ ኩርፊያው እስከ ፋሲካ ይዘልቃል። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ሴትዮዋም የተስማሙላት መስሏት ደስ ብሏት ሄደች።

ከዚያ በኋላ የእድሩ አባላት ብቻ ተሰበሰቡ። ሐሴት ልጅ ናት ተብላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሙዚቃዋን ስታዳምጥ ቆየች። ምን እንደተባለ አልሰማችም፤ አልጠየቀችምም። ጎበዝ ተርጓሚ ስትፈለግ ትጠራለች፤ ሳትፈለግ «አንቺ ቀበጥ» ትባላለች።

የምርጫው ቀን ዝናብ ነበር። ተፈራ የሠርግ ሱፉን ለበሰ። ዜግነቱን ካገኘ ገና ዓመት አልሞላውም፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መምረጡ ነበር። አደይ መምረጥ ባይችሉም «ልሸኝህ» ብለው ከሐሴት ጋር መኪናው ውስጥ ቁጭ አሉ። ከመውረዱ በፊት እጁን ያዙና፦

«የኔንም ይዘህልኝ ግባ» አሉት።

ተፈራ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሲወጣ «መርጫለሁ» የሚል ተለጣፊ ደረቱ ላይ ነበር። አላቀቀና አደይ ነጠላ ላይ ለጠፈው። ሐሴት ያን ጊዜ ማስቲካዋን ማኘክ ተወች፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዜናውን አውቶቡስ ውስጥ ሰምታዋለች፤ ቀይ ክራባት አሸንፏል። እድሩ ምድር ቤት የደረሰችው ለቅሶ ቤት የምትገባ መስሏት ነው። ሳቅ ነው የተቀበላት። ለስላሳ ተከፍቷል፣ ቆሎው ይዞራል፣ ጋሽ ቡልቻ መሐል ቆመው ያወራሉ። አደይ ኣልጋነሽ የክብር ወንበር ተሰጥቷቸዋል፤ ተለጣፊው ነጠላቸው ላይ አለ።

«ምንድን ነው የምትስቁት?» አለች ሐሴት። «ቀዩ እኮ ነው ያሸነፈው!»

«ይሸነፍ አላልንም» አሉ ጋሽ ቡልቻ። «ሊቀ መንበር ይሁን። ምክትሉ ሰማያዊው ነው፣ ጸሐፊዋ ባለ ብስክሌቷ። ሁለት ለአንድ! ምን ያመጣል?»

«ምን?»

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። ከቴሌግራፍ መንገድ በላይ ያለነው ለሰማያዊው፣ በታች ያሉት ለሴትዮዋ። እንደ ቅርጫ ሥጋ ነው የተካፈልነው። አባትሽን ጠይቂ፣ እሱ ነው የመደበን።»

ሐሴት ወደ አባቷ ዞረች። ተፈራ የኮራ ይመስላል።

«አባዬ» አለች፤ ድምጿ ቀጥኖ። «ምክትል የለም።»

«እንዴት የለም?»

«የለማ! ወንበሩ አንድ ነው። አንደኛ የወጣ ይወስዳል፤ ሁለተኛ የወጣ ቤቱ ይሄዳል። ሦስተኛዋም ቤቷ ትሄዳለች። በቃ።»

«ድምፃቸውስ?» አለ ተፈራ። «ያገኙት ድምፅ የት ይሄዳል?»

«የትም።»

ቆሎው መዞሩን አቆመ። ጋሽ ቡልቻ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም፤ «ልጅ ምን ያውቃል፣ ደውይና ጠይቂ» ብለው ስልኩን ሰጧት። «ምክትሉ መቼ ሥራ እንደሚጀምር ብቻ ጠይቂልኝ።»

ሐሴት የምርጫ ቢሮውን ኮል አደረገች። አፍራ ልትሞት ነው፤ ግን አደይ እያዩዋት ስለሆነ ጠየቀች። ከወዲያ ያለችው ሴት በትህትና፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጋ አስረዳቻት። ሐሴት «ታንክ ዩ» ብላ ዘጋች። መተርጎም አላስፈለጋትም፤ ፊቷን አይተው ሁሉም ተረዱ።

«ቆይ» አሉ ጋሽ ቡልቻ ቀስ ብለው። «ቀዩን የመረጠው እኮ ከግማሽ በታች ነው፤ ራዲዮኑ ተናግሯል። ከግማሽ በላዩ ‹አንፈልግህም› ያለው ሰው ነው የገባው?»

«አዎ።»

«እኛ ሁላችንም ለሰማያዊው ብንሰጥ ኖሮስ?»

ሐሴት ወደ አባቷ አየች። ልዩነቱ ከእድሩ ግማሽ እንደማይበልጥ ተፈራ ቀድሞ በልቡ አስልቶታል፤ ትናንትና ሱፍ ለብሶ የኮራበት አንገቱ እንደተሰበረ ቀረ።

«ታዲያ ያቺ ሴትዮ የነገረችን ምን ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«‹ቢሆን ኖሮ› ነው ያለችህ፣ አባዬ። ‹ነው› አላለችም። እናንተ እዚህ ስለምታደርጉት እነሱም የሚያደርጉት መሰላችሁ።»

«ሰው የሚባል ፍጡር» አሉ ጋሽ ቡልቻ ወንበር ላይ ዘጭ ብለው፣ «ሌላ ዓይነት አመራረጥ ያስባል ብዬ አላስብም ነበር።»

ማንም አልሳቀ። አደይ ኣልጋነሽ ብቻ ተለጣፊውን ከነጠላቸው ላይ ላጥ አድርገው፣ እንዳይቀደድ ተጠንቅቀው፣ መነጽር ማስቀመጫቸው ውስጥ ከተቱት።

ሳምንቱ ሳይወጣ ባለ ብስክሌቷ መጣች። የሰማያዊው ደጋፊዎች «ድምፅ ሌባ» እያሉ መንገድ ላይ ይጮኹባታል አሉ። ሐሴት የሕንፃው በር ላይ አገኘቻትና አላሳለፈቻትም።

«አንቺ ባትወዳደሪ ኖሮ አደይ አይሄዱም ነበር» አለቻት በእንግሊዝኛ።

ሴትዮዋ ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ አስደገፈች። «ልክ ነሽ» አለች። «ከሁለቱ ውጭ የሆነ ሰው በተወዳደረ ቁጥር እንዲህ ነው የሚሆነው። የማይወዳደር ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ፤ አሮጊቶችንም አብረው ያወጣሉ።»

«ሕጉን ቀይሩት ታዲያ!»

«የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። በሕጉ የሚያሸንፉትም እነሱ ናቸው።»

ሐሴት ከበሩ ዞር ብላ መንገድ ለቀቀችላት። ሴትዮዋ ላይ ወጥታ አደይ ዘንድ ቆየች፤ ስትወርድ ጸጉሯ ተስተካክሎ ነበር።

የክፍለ ሀገሩ ሐሳብ በአንድ ድምፅ ወደቀ። ያቺም የቀይ ክራባት ድምፅ ነበረች።

አደይን የወሰዷቸው እሑድ ቀን ነው። ለዕቃቸው ሁሉ የተፈራ መኪና ኋላ በቃ፤ ሐሴት ይኼ ነው ያስለቀሳት፣ ሁለተኛ ዙር እንኳ አለማስፈለጉ። ፍሪሞንትን አለፉ። ሚልፒታስ ሲደርሱ ተፈራ በየቀኑ የሚገባበትን ፋብሪካ በአገጩ አሳያቸው፤ አደይም «ትልቅ ነው፣ እግዚአብሔር ይባርክልህ» አሉት።

«ጠይቂኝ እንጂ» አሉ አደይ ድንገት። «ፈተናው አልቀረም።»

«ዛሬ ይቅር፣ አደይ።»

«ጠይቂኝ ጓለይ፤ ሳን ሆዜ ማን ይጠይቀኛል?»

ሐሴት ወረቀቱን አላወጣችም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። «በአሜሪካ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች እነማን ናቸው?»

መነጽራቸውን አላወለቁም። «ዲሞክራት ኤንድ ሪፐብሊካን» አሉ፤ በእንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርገው፣ ፈታኝ ፊት እንደተቀመጠ ተማሪ።

«ልክ ነው።»

«አሁን ገባኝማ» አሉ አደይ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ተስፋዝጊ ደግ ሰው ነው። ጋራዡን ምንጣፍ አልብሶታል፣ ማሞቂያ ሰክቷል፣ አልጋው ላይ አዲስ ብርድ ልብስ አንጥፏል። መስኮት ግን የለውም። ብርሃን የሚገባው ትልቁ በር ሲከፈት ብቻ ነው፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ብርዱ ይገባል። «ከሁለቱ አንዱን ነው፣ እቴቴ» አላቸው ተስፋዝጊ እያፈረ። ሐሴት የባለ ብስክሌቷን «ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ» የሚል ቃል አስታወሰች፤ ግን ዋጠችው።

አደይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ተሰናበቷቸው። «ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች ሐሴት። አውቶቡሱ ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ሁለቱም ያውቁታል።

ተፈራ መኪናውን አስነሣ። ተስፋዝጊ «ብርዱ እንዳይመታቸው» ብሎ ቁልፉን ተጫነ፣ ትልቁ በር እያጓራ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ የአደይ መነጽር ተሸፈነ፣ ከዚያ ነጠላቸው፣ ከዚያ ለስንብት ከፍ ያደረጉት እጅ። መጨረሻ የታየው ሐሴት ለፋሲካ የገዛችላቸው ሰማያዊ የቤት ጫማ ነው። በሩም መሬት ነካ።