ያልተዘጋው ፋይል

የመዝገበ ቃላት ቢሯችን አንድ የኮምፒውተር ማሽንና ስድስት ስክሪን አለው። ስድስታችንም በየራሳችን ስም ገብተን በዚያው ማሽን እንሠራለን። ማን ምን መንካት እንደሚችል የምትወስነው የማሽኑ ኃላፊ ናት፤ በሌለችበት «አይቻልም» ብለን እንጠራታለን። የጋራውን ፎልደር እንድትከፍትልኝ አንድ ወር ለምኜ ባለፈው ሳምንት ፈቀደችልኝ።

ዛሬ ከምሳ በፊት የራሴን ቁርጥራጭ ፋይሎች ላጸዳ ብዬ «እዚህ ያለውን ሁሉ አጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ለካ የቆምኩት የጋራው ፎልደር ውስጥ ኖሯል። ማሽኑ ጨዋ ነው፤ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ ሰው አያሳፍርም። እንደታዘዘ አጠፋ።

የጠፋው የአራሚያችን የጋሼ የሦስት ወር እርማት ነው። ቅጂ የለውም። ዓይናቸው ከዚህ ወር በኋላ ስክሪን እንደማይችል ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ «እንደገና ይሥሩት» የምልበት አፍ የለኝም።

ለኃላፊዋ ሄጄ ተናዘዝኩ። ትጮህብኛለች ስል፣ «አሁን ፋይሉን የከፈተ ሰው አለ?» አለችኝ።

«ጋሼ ሲያነቡት ነበር።»

ተስፈንጥራ ወጣች። ጋሼ ለምሳ ሊወጡ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ፋይሉን ሊዘጉት ጣታቸውን ዘርግተዋል።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱ!»

«ምነው ልጄ፣ ሽፍታ መሰልኩሽ?» እጃቸውን ግን አነሱ።

«ይሄ ማሽን ሲያጠፋ መጀመሪያ የሚፍቀው የፋይሉን ስም ነው» አለችኝ ሌላ ስክሪን ላይ እየተቀመጠች። «ከፍቶ የያዘው ሰው እስካለ ድረስ ጽሑፉ አለ። የመጨረሻው ሰው ሲዘጋው ነው ያለቀለት።»

የማናውቃቸው ሰዎች ጽፈው በነጻ የለቀቋቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ጠራች። አንዱ ማን ምን ከፍቶ እንደያዘ ይናገራል። ሌላው ይገለብጣል። ሌላው መስመር ይቆጥራል፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ የለውም፣ ቢለምኑትም አይሠራም።

«እጄን ላውርድ?»

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ ጋሼ።»

አርባ አንድ ሺህ መስመር ወጣ። አንድም አልጎደለ። በአዲስ ስም አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እጃቸውን አወረዱ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ማንበብ ትችላለህ?»

«እንዴ፣ ጋሼ!»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጮክ ብለህ ታነባለህ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አርማለሁ። ሐኪሙ ጆሮህን አሳርፍ አላለኝም።»

አዲሱን ቅጂ ከፍቼ ካቆሙበት ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ አስቆሙኝ።

«ያንን ትርጉም ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጠርጥሬ ነበር። በል፣ ጻፍ።»