ጥር ላይ የተዘረጋ ጃንጥላ

ሮብ ገበያ በምትባለው የደጋ መንደር ጥር ሲገባ ሰው ሁሉ እንደ እንሽላሊት ግድግዳ ፍለጋ ይወጣል። መሬቱ ውርጭ ለብሶ ያድራል፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ሦስት ሰዓት ላይ ግን ፀሐይዋ የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን የድንጋይ አጥር ታሞቀዋለች። ያኔ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ልጇን ቅቤ ቀብታ፣ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እንደ ብቅል ታሰጣዋለች።

እትዬ ደስታነሽ ስምንት ልጅ እዚያ አጥር ሥር አስጥተው አሳድገዋል። የስምንቱም አጥንት ወይራ ነው። ስለዚህ የልጃቸው የአበባው ሚስት፣ መምህርት ሃኒ፣ የአምስት ወር ልጇን ዜማን ፀሐይ አላስነካም ስትል፣ እትዬ ደስታነሽ የሰሙትን አላመኑም።

ዜማ ነጭ ሆና ነው የተወለደችው። ጸጉሯ የደረሰ ገብስ ይመስላል፤ ሽፋሽፍቷም ነጭ ነው፤ ቆዳዋ ገና እንደታለበ ወተት አረፋ። እናትና አባቷ ግን የጠይም ጠይም ናቸው። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ፋኢዛ፣ «አልቢኒዝም ይባላል፤ ቆዳዋ ቀለም አያመርትም፤ ሌላ የጎደላት ነገር የለም» ብላ ነበር። እትዬ ደስታነሽም ይኼን አልተቃወሙም። እንዲያውም ሰፈሩ ማንሾካሾክ ሲጀምር፣ «እግዜር እሷን ሲሠራ ያለቀበት ቀለም ነው፤ እናንተን ሲሠራ ያለቀበት ሌላ ነገር ነው» ብለው ዝም አሰኝተዋል።

ያልተዋጠላቸው የፀሐዩ ነገር ነው።

«ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ጥላ» አለች ፋኢዛ፣ ልጅቱን ጤና ጣቢያ ይዘዋት ሲሄዱ። «የፀሐይ መከላከያ ክሬሙን ስድስት ወር ሲሞላት እንጀምርላታለን። እስከዚያ ጥላው ነው መድኃኒቷ።»

«ይኼ ለሚያዝያ ነው» አሉ እትዬ ደስታነሽ። «አሁንማ ብርድ ነው።»

«ብርድም ቢሆን፣ እማማ። የሚያታልለው እኮ ብርዱ ነው። ቆላ ሲሆን ሰው ይሞቀዋል፣ ይሸሻል። እዚህ ተራራ ላይ ነፋሱ ሰውነት ያቀዘቅዛል፣ ፀሐይዋ ግን ሥራዋን አታቆምም። ደመና ቢሆንም ያው ነው።»

እትዬ ደስታነሽ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ወረወሩት። «ዓባይ በረሃ ወርደሽ ታውቂያለሽ?»

«በመኪና አልፌያለሁ።»

«እኔ በእግሬ ነው የወረድኩት። የሚያቃጥል ፀሐይ መጀመሪያ በላብ ያጠምቃል። ጋቢ ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ አቃጠለኝ የሚል ሰው፣ እሱ በሬ ወለደ የሚል ሰው ነው።»

ወደ ቤት ሲመለሱም አልለቀቁትም። «ፋኢዛ የነፊሳ ልጅ እኮ ናት። ከእናቷ ሱቅ ስኳር ስትልስ ነው ያደገችው። ዛሬ ደርሳ ፀሐይን ታስተምረኛለች።»

የሃኒ ዝምታ ደግሞ መስማማት አይደለም፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፣ ዝም ብላ የፈለገችውን ነው የምታደርገው። በማግስቱ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች። ከከተማም ሰፊ ጥቁር ጃንጥላ አስመጣች። ሰማዩ ቢደፈርስ እንኳ ዜማን ይዛ ስትወጣ ትዘረጋዋለች።

«ዝናብ ነው?» ይላሉ እትዬ ደስታነሽ ከደጃፍ ሆነው።

«አይደለም፣ እማማ።»

«ልጅቱ ጳጳስ ናት?»

«አይደለችም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ምንድን ናት?»

«ልጄ ናት።»

ይኼንንም ይችሉት ነበር። ያልቻሉት የወለተ ኢየሱስን አፍ ነው። ወለተ ኢየሱስ ጎረቤት ናት፤ አጥሩም የእሷ፣ የሰፈሩም ወሬ የእሷ። አንድ ጠዋት እትዬ ደስታነሽ በዚያ ሲያልፉ፣ የልጅ ልጇን ጭኗ ላይ እያገላበጠች፣ «እትዬ፣ ዜማን ቀን ቀን አታወጧትም አሉ» አለች።

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ። ሰው መቼም የሚደብቀው የሚያፍርበትን ነው።»

ሌሎቹ ሴቶች ወደ ልጆቻቸው አቀረቀሩ። የታፈነ ሳቅ ትከሻ ላይ ይታያል።

እትዬ ደስታነሽ በዕድሜያቸው አፍረው አያውቁም፤ እንዴት እንደሚታፈርም አያውቁበትም። «ነገ እዚሁ ጠብቂኝ» አሉና ሄዱ።

በማግስቱ፣ ጥር አምስት፣ አበባው አውድማ ላይ ነበር። ሃኒ ፈተና ልታርም ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ልጅቱን አጥብታ ለአማቷ ስታቀብል፣ «እባክዎ እማማ፣ ወደ ውጭ እንዳያወጡብኝ» አለች።

«ሂጂ፣ ረፍዶብሻል።»

«ቃል ይግቡልኝ።»

«ስምንት ወልጃለሁ።»

ሃኒ ይኼን እንደ ቃል ቆጠረችው። የተማረ ሰው አንዳንዴ የሰማውንና ሊሰማ የፈለገውን አይለይም።

እትዬ ደስታነሽ ለጋ ቅቤ አወጡ። ዜማን ከአናቷ እስከ ውስጥ እግሯ ቀቡ፤ እያንዳንዷን ጣት ለብቻዋ አሹ። ከዚያ አጥሩ ሥር ወስደው መሀል ላይ ተቀመጡና ራቁቷን ጭናቸው ላይ ዘረጓት።

«ይኼውና ያፈርኩባት» አሉ። «እዩአት እንግዲህ። ዓይን ያለው ያያል፣ ምላስ ብቻ ያለው ደግሞ እንደለመደው ያደርጋል።»

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ዜማ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ አያቷ ሆድ ሸሸገች።

«ብርሃኑን ጠላችው» አለች አንዷ።

«አንቺን አይታ ነው» አሉ እትዬ ደስታነሽ።

ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። ነፋሱ ሲመጣ የልጅቱን ጀርባ ይዳስሳሉ፤ ቀዝቃዛ ነው። ይበርዳታል ብለው ፀሐይዋ በዞረችበት ይዞራሉ። ኋላ ላይ አልረሳ ያላቸው ይኼ ነው። ስምንት ልጅ ያሳደገ እጅ ደጋግሞ ዳሰሰ፣ ደጋግሞም ዋሻቸው።

ከምሳ በኋላ ዜማ ቀላች። የቀላችው እንደ ጤነኛ ልጅ ጉንጭ አይደለም፤ እንደ ተላጠ ቀይ ሥር ነው። ሲያቅፏት ትጮኻለች፣ ሲያስተኟት ትጮኻለች። አሥር ሰዓት ሲሆን ትከሻዋና ጉንጯ ውኃ ቋጠረ።

ወለተ ኢየሱስ ለቅሶውን ሰምታ መጣች። ከእንዲህ ያለው ነገር ቀርታ አታውቅም። «ምች ነው» አለች ገና ከበሩ። «ቅቤ ተቀብታ ወጥታ ምች መትቷት ነው። ዳማ ከሴ ይታሽላት።»

እትዬ ደስታነሽ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለተ ኢየሱስ ጋር ተስማሙ። ሞኝነት ጎረቤት ያስማማል። ቅጠሉን ከጓሮ ቀጥፈው በመዳፋቸው እያሹ፣ ጭማቂውን ትከሻዋ ላይ ጠብ ጠብ ሲያደርጉ ሃኒ በሩ ላይ ቆመች።

ቅጠሉን ከእጃቸው ወስዳ መሬት ጣለችው። ልጅቱን በንጹሕ ነጠላ አቅፋ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣች። እትዬ ደስታነሽ ተከተሏት። ማንም ይምጡ አላላቸውም።

ፋኢዛ ቅቤውንና ቅጠሉን ቀስ ብላ በውኃ አጠበች፤ እርጥብ ጨርቅ አለበሰቻት። «ቅቤው ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ ቅጠሉ ደግሞ የቆሰለውን ይለበልባል» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ትድናለች?» አሉ እትዬ ደስታነሽ።

«ይኼኛው ይድናል። ግን እንዲህ ያለ ቆዳ የተቃጠለበትን ቀን አይረሳም፣ እማማ። ሲደጋገም ተጠራቅሞ ካደገች በኋላ የማይድን ቁስል ይሆናል፤ ካንሰርም ይሆናል። አንድም ቀን ፀሐይ አይንካት የምንለው ለዚህ ነው።»

እትዬ ደስታነሽ አፋቸውን ከፈቱ። ስለ ስኳር የሚሉት ነገር ነበራቸው። መልሰው ዘጉት። ከዚያ፣ «ያወጣኋት እኔ ነኝ» አሉ፤ ለፋኢዛ ነው የተናገሩት።

«አውቃለሁ» አለች ሃኒ ከጎን።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሃኒ ዜማን አዝላ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። ለአማቷ እህል ውኃ ታቀርባለች፣ እግራቸውን ታጥባለች፣ «እንዴት አደሩ» ትላለች። ልጅቱን ግን ለውኃ እንኳ ስትወጣ አትተውላቸውም። እትዬ ደስታነሽ ስድብ ቢሆን መልስ አላቸው። ይኼ ግን «እንዴት አደሩ» ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጅቱን በሩቁ እያዩ፣ የተላጠው ጉንጯ አዲስ ቆዳ ሲያወጣ ቆጠሩ።

የአስተርዮ ማርያም ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያጋጫል። ሃኒ ዜማን ረጅም እጅጌ አልብሳ፣ ባርኔጣ ደፍታላት፣ በደረቷ አቅፋለች። በሌላው እጇ የያዘችውን ጃንጥላ ነፋሱ ይገለብጥባታል። ዳገቱ ላይ ስትደርስ እግሯ አዳለጣት።

እትዬ ደስታነሽ እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቱን ስጪኝ አላሉም።

ሃኒ እጃቸውን አየች። ልጅቱን አልሰጠቻቸውም። ጃንጥላውን ሰጠቻቸው።

እትዬ ደስታነሽ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከነፋሱ ጋር ታገሉ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ወለተ ኢየሱስ ከነልጅ ልጇ ተሰጥታለች።

«እትዬ፣ ዝናብ መጣ እንዴ?»

«ዝናብ ቢመጣማ አፍሽን ያጥበው ነበር። ይልቅ የዚያን ልጅ ፊት ሸፍኚ። ጠይም ሆነ ተብሎ ከድንጋይ አልተሠራም።»

«ብርድ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«እኔም እንዲሁ ነበር ያልኩት።»

ከእትዬ ደስታነሽ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

ዳገቱ እየበረታ ሄደ። ፀሐይዋ በእትዬ ደስታነሽ ግንባር ላይ ወርዳለች።

«እርስዎም ይግቡ፣ እማማ» አለች ሃኒ። «ይበቃናል።»

«አይበቃም። መንገድሽን እይ።» ጃንጥላውን ወደ ልጅቱ የበለጠ አዘነበሉት።

ጥላው ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዜማ ዓይኗን ገለጠች።

«ይኼው» አሉ እትዬ ደስታነሽ። «እኔን ስታይ ትገልጣለች።»