ሲሚንቶ የበላው አሻራ

«ይኸውልሽ እታለም፣ ሎክ ማለት ስልኩ መቆለፉ ነው። ፓስወርድ ደግሞ ቁልፉ» አላት ከባሏ ጋር አንድ ቦታ ይሠራ የነበረው ወንድሙ፣ ወደ ሟቹ ስልክ እየጠቆመ። «ፓስወርዱን ካላወቅሽ በጣት አሻራ ይከፈታል፤ ግን ጣቱ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት።»

«የእሱን ጣት ሲሚንቶ በልቶት የለ እንዴ?» አለች።

ባሏ ዕድሜውን ግድግዳ ሲለስን የኖረ ሰው ነው። ጣቶቹ ልሙጥ ሆነው መታወቂያ ሲያወጣ እንኳ ማሽኑ አላነብም ብሎ መሳቂያ አድርጎት ነበር። ቢሆንም የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከቀብር በፊት አስከሬን ክፍል ገብተው ሁሉንም ጣቶቹን በየተራ ሞክረዋል። የደረቁትን ጣቶች አንድ በአንድ የዘረጋው ወንድምየው ነበር። ስልኩ አንዱንም አላወቀም።

ከሥራ መወጣጫ ወድቆ በሞተበት ዕለት ጠዋት ያንኑ መወጣጫ በዚህ ስልክ በቪዲዮ ሲቀርጽ ሠራተኞች አይተውታል። አሠሪው ግን ሰክሮ ወደቀ አለ። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው! ካሳው ቀርቶ ስሙ እንኳ ለልጆቹ አልተረፈም።

ስልኩን አንስታ የተጋገረበትን ሲሚንቶ በነጠላዋ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። አውራ ጣቷ ታች ያለችውን ቁልፍ ሲነካ መስታወቱ በራ፤ ስልኩ ተከፈተ።

ያኔ ትዝ አላት። አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ ባሏ እጇን ከአረፋው መዞ በሸሚዙ አደረቀና አውራ ጣቷን ስልኩ ላይ ደጋግሞ ጫነው። «የእኔን እንደሆነ ሰው አይደለህም ብሎኛል፤ ያንቺን ይያዝልኝ» ብሎ ሲስቅ፣ ጨዋታ መስሏት ነበር። አሁን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ወንድምየው ስልኩን ተቀብሎ ቪዲዮውን ከፈተ። መወጣጫው የታሰረበት የላላ ገመድ ታየ። «ይሄ አይችለኝም» ይላል ሟች። «ውጣ ባክህ፣ አለቃ መጥቶ ሳይጮህብኝ» ይላል ሌላ ድምፅ። ሎክና ፓስወርድን ሲያስረዳት የቆየው ድምፅ ነው።



«አንድ ቃል ቀርቶናል» አላት አንገቱን ደፍቶ። «ዲሊት ይባላል። ማጥፋት ማለት ነው። እታለም፣ እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ሰክሮ ነበር ብሎ ለአሠሪው የነገረውስ ማነው?»

መስታወቱ ነኪ ሲያጣ ጨለመ፤ ተቆለፈ። «ጣትሽን» አለና እጁን ዘረጋ። አውራ ጣቷን ጨብጣ ደበቀች። እጁ ጭብጧ ላይ አረፈ፤ አስከሬን ክፍል እንዳደረገው፣ ከትንሿ ጣት ጀምሮ ጣቶቿን ቀስ እያለ ይዘረጋ ጀመር።

ለቅሶ የመጡ ጎረቤቶች ደጅ ተቀምጠው ነበር።

«ኑ ግቡ» ብላ ተጣራች። «ባሌ እንዴት እንደሞተ ራሱ ይነግራችኋል።»

እጁ ለቀቃት። ሰዎቹ ገብተው ክፍሉ ሲሞላ፣ ስልኩን እሱ እንደያዘው አውራ ጣቷን ጫነችበት።