ሦስት አምፕሊፋየርና የእማየ ካሴት

እና ባለቲዩቡ አምፕሊፋየር ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን፣ ስድስት ወር ሙሉ ስልኬ ላይ ተደፍቼ ያጠናሁት ለዛሬ አይደል፣ ብርጭቆዎቹ ፍም መስለው ሲሞቁ እያየኋቸው ነው፣ ሻካራውን ድምፅ ይሞርዱታል፣ ሰው ሰው ይሸታል ይላሉ የሚያውቁት፣ እኔም አውቃለሁ፣ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፣ ሐሩን ከናይለኑ በጣቴ ዳብሼ የምለይ ሴት በጆሮዬ ልሸወድ? ምት እንኳ አይገባኝም፣ ሰርግ ላይ እኅቶቼ ጭብጨባውን ታበላሽብናለች ብለው ከኋላ ያቆሙኛል፣ ድምፅ ግን ይገባኛል።

ላቀው ሦስቱንም ጠረጴዛው ላይ ደርድሯል። የድብ ባሕር ልጅ፣ ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ባለቲዩቡ፣ ባለትራንዚስተሩ፣ እና ያች ክላስ ዲ የሚሏት ቀጭን ሳጥን፣ በሴኮንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ ቦግ ጥፍት እያለች ድምፅ የምታወጣ፣ አትሞቅ አትከብድ፣ ማብሪያ ማጥፊያ በሏት እንጂ። ምነው እትየ ለይላ፣ ሳትሰሚያት? እሰማታለሁ ላቀው፣ ለወጉ ያህል።

አባየ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ሰማንያ አንድ ዓመቱ። እማየ ፈህሚያ ከሞተች ዘጠኝ፣ ካሴቷን አንድ ጊዜ በአሮጌው ቴፓችን ከፍቼለት ነበር፣ አጥፊው አለኝ፣ ይህች እሷ አይደለችም፣ ማንም ሴት ናት። ማንም ሴት! አዲስ ዓለም ቤታችን፣ የመውሊድ ለት፣ ሴቶቹ ጓዳ ተሰብስበው መንዙማ ሲያዜሙ የተቀዳ፣ እሷ ያለችበት ካሴት ያ ብቻ ነው፣ ሌላ የለንም፣ የአባየ ጆሮ ደግሞ በየወሩ እየደከመ ነው፣ ዛሬ ካላገኛት መቼ ሊያገኛት ነው፣ ፈርቻለሁ።

ባለቲዩቡ ይጀምር። ድቤው ገባ፣ ያ ረሕማን፣ የሴቶቹ ድምፅ ቅቤ ሆነ፣ እንባዬ መጣ፣ አውቄው ነበር፣ አውቄው ነበር፣ አባየን አየዋለሁ። ሸጋ ነው፣ ይላል። ሸጋ ነው፣ እሷስ የታለች?

እሺ ባለትራንዚስተሩ፣ ሁለት ተሸካሚ አንድ ጆንያ ግራና ቀኝ ይዘው እንደሚሄዱ ጥንድ ትራንዚስተሮቹ የድምፁን ግማሽ ግማሽ ተካፍለው የሚያወጡበት፣ ጉልበታም፣ ድቤው ደረቴን መታኝ፣ የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። አባየ ድቤ መቺዋን አወቃት፣ ጎረቤታችን ያስሚን ናት፣ አላህ ይማራት፣ ይላል። እማየን ግን አላወቃትም።

ወደ ቤት ልውሰደው ይሆን፣ ደከመው፣ ላቀው ሳይጠይቀኝ ገመዱን ወደ ቀጭኗ አዞረ፣ ይሁን፣ ክፈታት በቃ።

ደረቅ ናት። ጥርት ያለች ደረቅ፣ ቅቤ የለ፣ ሙቀት የለ፣ አላልኩህም ላቀው ልለው አፌን ስከፍት ጭብጨባው ገባ፣ እያንዳንዱ እጅ ለብቻው ይሰማል፣ ይቆጠራል፣ ጧ፣ ሁሉም አንድ ላይ፣ ከዚያ ሁሉም ካበቁ በኋላ አንዲት ብቻዋን፣ ዘግይታ፣ ጧ። እንደገና። ጧ፣ እና እሷ፣ ጧ። ከዘራው ወለሉ ላይ ወደቀ፣ አባየን ምን ነካው፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል ስል እየሳቀ ነው፣ እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ዘጠኝ ዓመቴ።

ይችውና፣ ይላል፣ መጣች። አርባ ዓመት አብሬያት ስኖር አንድ ቀን በወቅቱ አጨብጭባ አታውቅም።

እኔ ድምፅ ስፈልግ ከርሜ፣ እሱ ለካ እጇን ነው የሚጠብቀው፣ ስድስት ወር፣ የኔ ነገር። ጠቅልልልኝ ላቀው፣ አይ ቆይ፣ እንዳትነቅላት፣ ከመጀመሪያው መልሳት፣ አባየ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ላቀውም፣ እኔም፣ እና አባየ በድንገት እጁን ገታ፣ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ፣ እጆቼን አያቸው።

አንቺም ልጄ፣ ይለኛል፣ አንቺም ትዘገያለሽ።