እስከ መስመሩ

ልብስ ሰፊዋ በሰፈሩ የምትታወቀው በእጇ ሥራ ጥራትና በፍርሃቷ ነው። ጨርቅ ስትቆርጥ ሁልጊዜ ከልኩ አስረዝማ ነው። «ረጅሙን ማሳጠር ይቻላል፤ አጥሮ የተቆረጠ ግን ምን ይደረጋል?» ትላለች። ደንበኞቿ ከጀርባዋ «ትርፍ ይኑረው» ብለው ስም አውጥተውላታል። በጨርቅ ላይ ይህ ጠባይዋ ማንንም አልጎዳም። ነገሩ የከፋው ጠባዩ ከጨርቅ አልፎ ወደ መድኃኒት የተሻገረ ዕለት ነው።

የምታሳድጋት የሟች እህቷ ልጅ ስኳር ታማለች። ልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጎበዝ፣ አፏ የማይዘጋ፣ መርፌ ሲመጣ ግን ዓይኗን ጨፍና ወደ ግድግዳ የምትዞር። ኢንሱሊኑን ጠዋትና ማታ የምትወጋት አክስቷ ናት። የክሊኒኳ ነርስ ሲሪንጁን አሳይታ «እስከዚህ መስመር» ብላታለች። አስከትላም «ከልኩ ካለፈ ስኳሯ ይወርድና ራሷን ትስታለች» አለቻት። ከዚያ ሁሉ ትምህርት በልብስ ሰፊዋ ጭንቅላት የቀረው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች። ክፉ አስባ አይደለም፤ ከመውደዷ ብዛት ነው።

ልጅቷ ግን ከሳች። ትበላለች፣ ትከሳለች። ውሃ በላይ በላዩ ትጠጣለች፣ ሽንት ቤት ትመላለሳለች፣ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል። ነርሷ የደሟን ስኳር ለክታ ግንባሯን ቋጠረች።

«ሳታቋርጪ ትወጊያታለሽ?»

«አንድም ቀን አላቋረጥኩም» አለች ልብስ ሰፊዋ። እውነቷን ነው።

«እንግዲህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ ሆስፒታል ተኝታ ነው የምትታከመው።»

«ፈተናዬስ?» አለች ልጅቷ። ፈተናው የቀጠሮው ማግስት ነው፤ ካመለጣት ዓመቱን ልትደግም ነው።

ልብስ ሰፊዋ እቤት ስትደርስ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር። «ከረሜላ ትበያለሽ አይደል?» ብላ የልጅቷን ቦርሳ ዘረገፈች። የስኳሩን ቆርቆሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

«እትዬ፣ አልበላሁም አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ ስኳሩ ከሰማይ ወረደ?»

ልጅቷ አኩርፋ መጽሐፏን ይዛ ጥግ ያዘች።

በማግስቱ ባዮሎጂ ትከልስ ነበር። ጮክ ብላ ለሰው ካላስረዳች ደግሞ ምንም አይገባትም፤ ኩርፊያ እንኳ ከዚህ ልማዷ አያግዳትም። የልብስ ጠመኔ አንስታ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ክብ ሣለች።

«ይኼ አንድ ሴል ነው። ዙሪያውን ሽፋን አለው፤ ያገኘውን ሁሉ አያስገባም። የበላነው ምግብ አንጀት ውስጥ ይፈጭና ስኳሩ ወደ ደም ይገባል። ደም ደግሞ በየሴሉ ደጅ ያደርሰዋል። የጡንቻ ሴል ስኳሩን በደንብ የሚያስገባው ኢንሱሊን ሲኖር ነው። ኢንሱሊን የሚሠራው ቆሽት ነው።»

«ያ ሲናደዱ የሚያርረው?»

«እሱው። የኔ ከማረርም አልፎ ሥራ ፈቷል።» ልጅቷ ሳትወድ ፈገግ አለች። «ኢንሱሊን ከሌለ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። ኩላሊት ከውሃ ጋር በሽንት ይደፋዋል፤ የሚጠማኝ ለዚህ ነው። ሴሉ ግን አልበላም። ሰውነት የራሱን ስብና ጡንቻ ማንደድ ይጀምራል።»

የልብስ ሰፊዋ እግር የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ቆመ። «ጭራሽ ባይጠፋ፣ ትንሽ ቢያንስስ?»

«ሴሉ በዚያው ልክ ይራባል። ደሙ በስኳር ሞልቶ እሱ ይራባል።» ልጅቷ ቀና አለች። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

ልብስ ሰፊዋ መዋሸት ትችል ነበር፤ ያያት ሰው የለም። የልጅቷን የከሳ አንገት ስታይ ግን አልቻለችም።

«ቀንሼ ነው የምወጋሽ» አለች። «ሁልጊዜ። እንዳትወድቂብኝ ፈርቼ።»

«ቆርቆሮውን ቆልፈሽብኝ» አለች ልጅቷ። «ቦርሳዬን ዘርግፈሽ።»

«አዎ። በድዬሻለሁ።»

ልጅቷ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቆርጣ ተነሳች። «ከዛሬ ጀምሮ የምለካው እኔ ነኝ። ዓይኔንም አልጨፍንም። አሁን ግን ሲስተር ጋ ሄደን ትነግሪያታለሽ።»

«ምን ትለኛለች?»

«የፈለገችውን ትበልሽ።»

ነርሷ ሰምታ ስታበቃ ወንበሯ ላይ ተደገፈች። «ልኩ አልበቃትም ብዬ ልጨምርላት ነበር እኮ» አለች። «እኔ ጨምሬ፣ አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ደፍረሽ ሙሉውን ብትሰጫት ኖሮስ?» የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼኔ ነው። ልብስ ሰፊዋ መሬት መሬት አየች። ነርሷ ብዙ አልወቀሰቻትም፤ እንደገና ከመጀመሪያው አስተማረቻቸው። ልጅቷ ትለካለች፣ አክስቷ ታረጋግጣለች። ስኳሯ ወርዶ ከተንቀጠቀጠች ወይም ላብ ካጠመቃት ወዲያው ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው።

በነጋታው ጠዋት ልጅቷ ከብልቃጡ ቀዳች፣ የአየሩን አረፋ አስወጣች፣ ሲሪንጁን ለአክስቷ ሰጠች። ልብስ ሰፊዋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባ አየችው። ልክ መስመሩ ላይ ነው። «ትንሽ…» ብላ ጀመረችና አፏን በመዳፏ ያዘች። ልጅቷ ተቀብላት፣ ዓይኗን ሳትጨፍን ራሷን ጭኗ ላይ ወጋች።

የዚያን ቀን ሱቁ አልተከፈተም። ልብስ ሰፊዋ ስኳር በወረቀት ቋጥራ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ የጥበቃው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ጥበቃው «ልትመዘገቢ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደባት። በእረፍት ሰዓት ልጅቷ መጥታ ሁለት እጇን ዘረጋችላት። አይንቀጠቀጡም።

«ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አለቻት። አልሄደችም። በማግስቱም መጣች፤ እየፈራች፣ ግን ከመስመሩ ሳትቀንስ።

ቀጠሮው ደረሰ። ነርሷ የልጅቷን ጣት ወግታ ለካች።

«ወርዷል» አለች ነርሷ። «አትተኛም። ነገ ሄዳ ትፈተን።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞራም «ጎበዝ» አለቻት።

«እኔን ጎበዝ አትበይኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔማ ልጄን ሳስርባት ነው የከረምኩት።»

ልጅቷ የጣቷን ጥጥ ጨብጣ ቆማ ነበር። «ፈርተሽ ነው» አለቻት። «እኔም ዓይኔን ስጨፍን የኖርኩት ፈርቼ ነው። በይ ተነሺ፣ የመተንፈሻ አካላትን ገና አልከለስኩም።»