ያከረረችው ዳዶ

ማናለብሽ ድንኳንና ወንበር ታከራያለች። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ከሚባልላቸው ወገን አይደለችም፤ ሰርጉ ነገ ከሆነ ድንኳኗ ዛሬ ይተከላል። ፒካፗን የምትነዳው ራሷ ናት። ከኋላ የሚጎተተውን ባለሁለት እግር ተሳቢ ግን እስካለፈው ወር ድረስ ይጠግን የነበረው ወንድሟ ሽመክት ነው። እሱ ባሕር ዳር ሥራ ሲይዝ፣ የሰው ምላስ መቼ ሥራ ይፈታል፣ «ያለ ወንድሟ ምን ልትሆን ነው?» ተባለ። የአዘናው ሰርግ ያለ እሱ የመጀመሪያዋ ነው። ከተበላሸ ወሬው ቀድሟት ወደምትኖርበት ቆሰበር ይገባል፤ ከዚያ ማን ከእሷ ይከራያል?

ከቆሰበር ወጥታ ብዙም ሳትርቅ ከተሳቢው ግራ ጎማ ጢስ ሲወጣ በመስታወት አየች። ወርዳ በክሪክ አነሳችው። ጎማውን ስታሽከረክረው እህል እንዳለቀበት ወፍጮ አንኳኳ። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ተቃጥሏል። ትናንት ጎማው ትንሽ ሲወላወል አይታ «በዚህ ሰርግ ቤት አልገባም» ብላ የኩሽኔታውን ማሰሪያ ዳዶ ባለ በሌለ ጉልበቷ ያሰረችው እሷው ነበረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄኔ ነው።

ድንች አራግፈው ባዶ ጋሪ የሚነዱ ሽማግሌ አጠገቧ ቆሙ። አያ ይሄይስ ይባላሉ። ፈረሱን በአገውኛ አረጋግተው ጎማውን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ማን አሰረው?»

«ጋራዥ» ልትል ነበር። አፍራ ተወችው። «እኔ ነኝ፣ አያ። እንዳይወላወል ብዬ አከረርኩት።»

«መኪና አይናገርም፤ ፈረስ ግን ይናገራል። እኛ ዳዶ ካከረርን ፈረሱ ገና ሳይራመድ ያልበዋል። ስለዚህ እናጠብቅና ሩብ ዙር መልሰን እንለቃለን። ትንሽ መወላወል አለበት።»

ተሳቢውም ጋሪውም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት አሮጌ መኪና እግር ነበር። አያ ይሄይስ ይህን ሲያዩ ከጋሪያቸው አንዱን ጎማ ከነኩሽኔታው ነቅለው አቀበሏት።

«እርስዎስ በምን ይሄዳሉ?»

«ጋሪው ይቆማል። ፈረሱ እግር አለው። ስትመለሺ ትመልሽልኛለሽ።»

«አያውቁኝም እኮ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ያለ ሰው ጎማዬን ይዞ አይጠፋም። በይ፣ እሰሪው።»

«እርስዎ ቢያስሩልኝስ?»

«እኔ አዘና ድረስ አልከተልሽ።»

አጠበቀችው። መልቀቁ ላይ እጇ አልታዘዝ አላት፤ እንደምንም ሩብ ዙር መለሰችው። ጎማው ለዓመል ያህል ተወላወለ። አያ ይሄይስ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁና በፈረሱ ባዶ ጀርባ ላይ ወጥተው ሄዱ። ማናለብሽ በመንገድ ላይ ሁለቴ ቆማ ጎማውን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። ከዚያ በኋላ ልቧ ሞላና መዝፈን ጀመረች።

አዘና የደረሰችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የሙሽራዋ አባት አቶ ደርበው፣ ዘመዶቻቸውን አሰልፈው፣ በር ላይ ጠበቋት።

«ወንድምሽ ቢኖር እንዲህ ባልመሸብን ነበር» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ ደርበው። ጎማውን አክርሬ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አስሬ እዚህ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። አሁን ይቺን ቋሚ ይያዙልኝ፣ ሳይመሽ እንትከለው።»

አቶ ደርበው አንዴ ተሳቢውን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ለአንዱ ሰጥተው ቋሚውን ያዙላት።