ወደ ውስጥ የሚከፈት በር

የሲኒማ ቤቱን በር አጎቷ አልቆለፈውም። የቆለፈችው እሷ ናት፤ ያውም ከቃጠሎው ሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ፣ ለልቦለዷ ገዳይ ቢጠፋት ጊዜ።

አጎቷ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እሷ ሻይ የተደረደረበት ትሪ ይዛ በለቀስተኛው ጉልበት መሀል ትሹለከለካለች። የአጎቷ ሳሎን ስድስት ሰው ከያዘች ሞላች የምትባል ናት፤ አሁን ሃያ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጦባታል። የበሩ ነገር ደግሞ አይነሳ። ወደ ውስጥ ስለሚከፈት፣ አንድ ሰው ልውጣ ባለ ቁጥር በሩ ሥር ያሉት ወንበራቸውን አንጠልጥለው ይነሳሉ፣ ያሳልፋሉ፣ መልሰው ይቀመጣሉ።

«ለመሆኑ እውነት እሱ ነበር እንዴ የቆለፈው?» አለ ጥግ የተቀመጠ ሰውዬ፣ ብርጭቆውን አፉ ላይ እንደደገነ።

«መጽሐፉ ላይ አለ እኮ። የጻፈችው ደግሞ የገዛ እህቱ ልጅ ናት። ሳታውቅ ትጽፋለች?» አለው ጎረቤቱ።

«በል ዝም በል፣ መጣች።»

ትሪውን ዘረጋችላቸው። ማለት የነበረባት ነገር አጭር ነበር፤ አራት ቃል ቢሆን ነው።

«ስኳር ልጨምር?» አለች።

ሰፈሩ አጎቷን የሚያውቀው ጋሽ ባትሪ በሚል ስም ነው። በወጣትነቱ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ ፊልም ከተጀመረ በኋላ የመጣውን ሰው በባትሪ እያበራ ወንበሩ ድረስ ያደርሳል። ሲኒማ ቤቱ ሲቃጠል የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ተቀጠረ። ባትሪዋ ግን ከእጁ አልወጣችም። ሃያ ስምንት ዓመት በየግቢው እየገባ፣ ቆጣሪው የተቀበረበት ጉድጓድ ላይ እያጎነበሰ ቁጥር ሲያነብ፣ ከተማው ውስጥ ያልረገጠው ግቢ፣ ያልሰማው የግቢ ጉድ አልቀረም።

እሷ ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ የሚሆኑ የወንጀል ልቦለዶች ትጽፋለች። ሦስት አሳትማለች። የምትመሰገነው በእውነተኛነቷ ነው። የድሮው መንገድ፣ የፈረሰው ሆቴል፣ የተደፈነው ጉድጓድ፣ ሁሉም በየቦታው ነው። አንባቢዎቿ መጽሐፏን ይዘው ከተማውን ይዞራሉ፤ «ሬሳው የተገኘው እዚህ ጋ ነው» እያሉ ፎቶ ይነሳሉ። ይህን ሁሉ ከየት እንደምታመጣው ሲጠይቋት «ከምርምር» ትላለች። ምርምር የምትለው አጎቷን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እጇን ይዞ እንደ ሕፃን ያዞራት ነበር፤ እዚህ ጋ ዳቦ ቤት ነበር፣ እዚያ ጋ አንድ ፎቶ አንሺ ሚስቱን ጥሎ ጠፋ፣ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ማንም የማያውቀው ደረጃ አለ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ከድሮው ሲኒማ ቤት ፊት ለፊት ቆሙ። አሁን የቤት ዕቃ መጋዘን ነው። የቃጠሎውን መዝገብ አንብባለች። መዝገቡ «በሩ አልተከፈተም» ይላል፤ ለምን እንዳልተከፈተ ግን አይልም። ለወንጀል ጸሐፊ ከዚህ በላይ ስጦታ የለም።

«ስንት ሰው ሞተ፣ አጎቴ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«በሩን ማን ቆለፈው?»

«ማን ይቆልፈዋል? ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው።»

አልገባትም። ሁለት መዳፉን ፊቷ አቁሞ አጋጠመላት። «ይኼ ሰዉ ነው፣ ይኼ እኔ ነኝ። መሀላቸው በሩ አለ። እኔ ትኬት መቁረጫዬ ጋ፣ ውጭ ነበርኩ። ሰው ሲደነግጥ ምን ያደርጋል? ይገፋል። እነሱ ከውስጥ ይገፋሉ፣ እኔ ከውጭ እገፋለሁ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢሉ ይከፈት ነበር። ወደ ኋላ! ወደ ኋላ! እያልኩ ጮህኩ። ማን ይሰማል?»

ግራ ትከሻውን ነካ አደረገ። ከቀኙ ወረድ ያለ ትከሻ ነበር፤ ሩቅ የሚያየው ሰው ከባድ ሻንጣ የያዘ ይመስለዋል። «እስኪሰበር ገፋሁት» አለና ወሬ ቀየረ። ዳቦ ቤቱ በስተግራ ነው የነበረው አላት።

እሷ ማስታወሻዋ ላይ «ትከሻ» ብላ ጻፈች። ድንቅ ምልክት ነው። ነፍሰ ገዳይ እንዲህ ያለ ምልክት ያስፈልገዋል።

በአራተኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ሱቁ ከአጎቷ ቤት ሦስት በር ዝቅ ብሎ ነው። ዘለግ ያለ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ሻዩን ሳይጠጣ አቀዘቀዘው።

«እኔም ስቄያለሁ» አላት ሳትጠይቀው። «አንዱ ቀልደኛ ደንበኛዬ ፂሙን እየተላጨ፣ ጋሽ ባትሪ፣ ቁልፉን የት ጣልከው? አለው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ተራውን ሳይጠብቅ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።»

«መቼ ነው ይኼ?»

«መጽሐፍሽ እንደወጣ፣ ስምንት ወር ይሆነዋል። ራሱን ነበር የሚላጨው መሰለኝ። ስንገንዘው አገጩ ሥር የምላጭ ጭረት አይቻለሁ። እኔ እያለሁ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ። ሦስት በር ነው መሀላችን።»

ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል፤ ውሸት አይደለም። እሷም ይህን ለራሷ ስትደጋግም ነው የሰነበተችው። ግን የሚወሳሰብባት ነገር አልነበረም፤ የሴራ ሰው ናት፣ ምክንያትና ውጤት ማያያዝ እንጀራዋ ነው።

ስልኳ ሲጮህ ወደ ጓዳ ገባች። የአጎቷ ልጅ ብርጭቆ እያጠበች ነው። ፋርማሲስት ናት፤ ከእሷ በአራት ዓመት ትበልጣለች፣ አባቷን ከቀበረች ወዲህ ሰው ፊት አላለቀሰችም።

«ማነው?» አለቻት ስልኩ ሲዘጋ።

«አሳታሚው ነው። ሁለተኛው እትም ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማሽን ላይ ይወጣል፤ የምታርሚው አለ ወይ ነው የሚለኝ።»

«አለሽ?»

«የለም አልኩት።»

ብርጭቆው ውሃ ውስጥ ቆየ።

«አባቴ አልተቀየመሽም» አለች የአጎቷ ልጅ። «መጽሐፉን ትራሱ አጠገብ ነበር የሚያስቀምጠው። ለመጣው ሁሉ የእህቴ ልጅ የጻፈችው ነው ይል ነበር፣ ሰው መምጣት ሳያቆም በፊት። እሱ ስላልተቀየመ እኔ ተቀይሜሻለሁ። አንድ ሰው መቀየም አለበት።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ብታውቂ የለም አትይም ነበር። እኔ ብናገር ልጁ ናት፣ ለአባቷ ታደላለች ይሉኛል። ነገ ለቀስተኛው ይበተናል። ከዚያ በኋላ እዚህ ቤት የሚመጣ ሰው የለም፤ የምትነግሪውም ሰው አይኖርም።»

እሷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ቦርሳው ውስጥ፣ አጎቷ ከሞተ ጀምሮ ይዛው የምትዞረው አንድ ገጽ አለ። የረቂቁ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛ ገጽ።

ረቂቁን ሳይታተም አንብቦላት ነበር። ሲመልስላት ሃያ ሰባት ቦታ በእርሳስ አርሞበታል። ዳቦ ቤቱ በስተግራ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በአሥር ሰዓት ነው። ፎቶ አንሺው ጠፋ እንጂ አልሞተም። ስለ ገዳዩ፣ ገዳዩ ስላለው ዝቅ ያለ ግራ ትከሻ፣ ገዳዩ እጁ ላይ ስላለችው ባትሪ አንዲት ቃል አልጻፈም። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ግን፣ ትኬት ቆራጩ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ሲከት፣ ኅዳጉ ላይ እንዲህ ይላል፦ በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ከሃያ ሰባቱ የተሰመረበት እሱ ብቻ ነው።

ሃያ ስድስቱን አረመች። ለዚህኛው ደወለችለት።

«አጎቴ፣ በሩ ወደ ውስጥ ከተከፈተ እኮ ገዳይ የለኝም።»

ስልኩ ውስጥ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችው። «ገዳይ የግድ ያስፈልጋል?»

«የወንጀል ልቦለድ ነው እኮ!»

«እሺ። ሥራሽን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ቸኩላ ነበር። አመሰግናለሁ ማለቷን እንኳ አሁን እርግጠኛ አይደለችም።

በአምስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ በሩ ሥር ያሉት ወንበራቸውን አንጠልጥለው ተነሱ፤ ልብስ ሰፊዋ ገቡ። እዚህ ለቅሶ ሲደርሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጣታቸው በመርፌ የጠነከረ ሴት ናቸው። ክንዳቸው ላይ ጥቁር ኮት አንጠልጥለዋል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ እንደነበር የማያውቅ ሰው የለም።

ሁሉም ኮቱንም ያውቀዋል። ከቃጠሎው ወዲህ የአጎቷን ኮት ሁሉ ግራ ትከሻ ከውስጥ በጨርቅ እየሞሉ ከቀኙ ጋር የሚያስተካክሉለት እሳቸው ነበሩ። ይኼኛውን መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ሰጥቷቸው ነበር። አልሰፉለትም፣ አልመለሱለትም። እሱም አልጠየቀም።

ኮቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሻይ ስታቀርብላቸው ክንዷን ያዙ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። መዝገብ አይተሻል ይላሉ። እስቲ ንገሪኝ፣ ልጄ፤ ቆልፎት ነበር?»

የአጎቷ ልጅ ከጓዳ ወጥታ በሩ መቃን ላይ ቆመች። ፀጉር አስተካካዩ ቀና አለ። ልታመልጥ የምትችልባቸው አንድ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ወዲያው መጡላት፤ ሁሉም በደንብ የተጻፉ ነበሩ። ትሪውን መሬት አስቀመጠች።

«አልቆለፈም፣ እትዬ። እኔ ነኝ የቆለፍኩት። መጽሐፉ ውስጥ። ከራሴ አውጥቼ።»

«እንዴት ከራስሽ?»

«በሩ ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው። እንደዚህ ቤት በር። ሁሉም ከውስጥ ሲገፋ አልከፈት አለ። አጎቴ ነግሮኛል። ረቂቁ ላይም ጽፎልኛል።» ገጹን ከቦርሳዋ አውጥታ ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠችው።

መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። «የእሱ ጽሕፈት ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።» ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ሌላ ነገር የተጻፈበት ይመስል። «ታዲያ እያወቅሽ ለምን ጻፍሽው?»

«ገዳይ ቸግሮኝ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ እንዴት ተራ እንደሆነ ራሷንም ገረማት።

«እሱስ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «በሩ አልከፈት ሲል እሱ የት ነበር?»

«ከውጭ ይገፋ ነበር። ትከሻው የተሰበረው ያኔ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ የኮቱን ግራ ትከሻ በመዳፋቸው ሸፈኑት። «ከደረጃ ወድቄ ነው ነበር ያለኝ» አሉ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ስሰፋለት፣ ከደረጃ ወድቄ ነው ይለኝ ነበር።»

«ከበሩ ጀርባ ልጅዎ ስለነበረ ይሆናል።»

«እና ልጄን ማን ገደለው?»

«ማንም፣ እትዬ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ደረቅ ነበር። «ሠላሳ ስምንት ዓመት የምጠላው ሰው አጥቼ ኖርኩ። አንቺ ሰጠሽኝ። ስምንት ወር፣ ስምንት ወር ብቻ፣ ጠልቼው ዕረፍት አገኘሁ። አሁን ደግሞ መልሰሽ ትወስጂብኛለሽ።»

ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። እጃቸውን አወዛወዙ።

«ተይው። ለእኔ አይደለም የምትዪው።» ወደ ጓዳው በር ዞሩ። «አንቺ፣ መርፌና ጥቁር ክር አለሽ? ያረጀ ጨርቅም ፈልጊልኝ።»

የአጎቷ ልጅ ሮጣ ገባች። መርፌ፣ ክርና የአባቷን አሮጌ ካናቴራ ይዛ ተመለሰች። ልብስ ሰፊዋ ካናቴራውን አራት ቦታ አጠፉት፣ ከኮቱ ገበር ሥር አስገቡት፣ በመዳፋቸው ለኩት። ትንሽ አነሰ መሰለኝ አሉና አንድ ጊዜ ደገሙት። ከዚያ መስፋት ጀመሩ። ኮቱን ለማን እንደሚሰፉት የጠየቀ ሰው አልነበረም። የአጎቷ ልጅ ከጎናቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ የኮቱን እጅጌ ያዘችላቸው፣ እንባዋ ያኔ መጣ።

ደራሲዋ ሰዓቷን አየች። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ማተሚያ ቤቱ ከተማው ማዶ ነው፤ የተቆለፈውን በር ከመጽሐፉ ውስጥ ካወጣችው ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት በኋላ የሚቆም ገጽ እንደማይኖር ታውቃለች። አሳታሚው ምን እንደሚላትም ታውቃለች። ገጹን ከፀጉር አስተካካዩ እጅ ተቀበለች።

«ወዴት ነሽ?» አላት።

«የማርመው አለኝ።»

ወደ በሩ ሄደች። ሦስተኛው ቀን ላይ ሲያንሾካሽኩ የሰማቻቸው ሁለት ሰዎች ዛሬ በሩ ሥር ነበሩ፤ ሌሎችም ከጀርባቸው ቆመው ልብስ ሰፊዋን ያያሉ። እጀታውን ያዘች፤ ሰዉ ተደግፎት ስለነበር አልነቃነቅ አላት።

«እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ በሉልኝ» አለች።

አዩዋት። አንዱ ወንበሩን አነሳ፣ ሌላው አንድ እርምጃ አፈገፈገ፣ ከእነሱ ጀርባ የነበሩትም ተራ በተራ አፈገፈጉ። ከዚህ በላይ አላስፈለገም። በሩን ወደ ራሷ ሳበችው፤ ተከፈተ። ወጣችና ከውጭ እጀታውን ይዛ ቀስ ብላ ዘጋችው።